አዴ ጫልቱ በራሳቸው የሚገቡባት መኪና

ከመኪና ሥር መተኛት ካቆምኩ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ያስቆመኝ ጀርባዬ ነው እንጂ እኔስ አልጠገብኩም ነበር። ሐኪሙ የጀርባዬን ራጅ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየና፣ ይሄ ጀርባ ከእንግዲህ የሚተኛው አልጋ ላይ ብቻ ነው አለኝ። እኔም ጋራዡን ለባለተራ ለቅቄ ቤቴ ገባሁ። ቤቴ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ነው፤ በሩ ፊት ለፊት የፍጥነት ማብረጃ ጉብታ አለ። ቁርሴን እየበላሁ መኪና ሲያልፍ እሰማለሁ። «የዚህኛው የፊት ቀኝ አሞርዛተር አልቋል» እላለሁ። ልጄ «አባዬ፣ ጡረታ ወጥተሃል እኮ» ትለኛለች። ጡረታ የወጣው ጀርባዬ ነው፣ ጆሮዬን ማን አሰናበተው እላታለሁ። ትስቅና ሻይዬን ትጨምርልኛለች።

መካኒክ ሲባል ሰው የሚታየው ሞተር ነው። እውነቱን ለመናገር ሞተር ልቤን ገዝቶት አያውቅም። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ከጎማው በላይ፣ ከወንበሩ በታች ባለው ቦታ ነው። ተደራርቦ የሚታሰረው ረጅም ብረት ባሌስትራ፣ ጥቅልሉ ሞላ፣ ንዝረቱን የሚያበርደው አሞርዛተር። መንገዱ የሚሰነዝረውን ዱላ ተቀብሎ ለተሳፋሪው የሚያለዝብለት ክፍል ማለት ነው። በወለጋ መንገድ ደግሞ ይህ ሙያ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ ልጆች አሳድጌበታለሁ፣ ይበቃዋል።

ሥራውን ያስተማሩኝ ኦቦ ዱጉማ ናቸው። ኦቦ በኦሮምኛ ለወንድ የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ ለማንም ይባላል። በምንሠራበት የመንገድ ጥገና ካምፕ ጋራዥ ግን «ኦቦ መጡ» ከተባለ ሥራ አስኪያጁ ሳይሆን እሳቸው መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል። እኔ ነቀምቴ የተወለድኩ የጎጃሞች ልጅ ነኝ። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ኦሮምኛ፣ ጋራዥ ስገባ ደግሞ የዕቃው ስም ሁሉ ጣልያንኛ ሆኖ ጠበቀኝ። ኦቦ ዱጉማ በሦስቱም ይቆጡኝ ነበር።

መኪና ሲመጣላቸው ምን ሆነ ብለው አይጀምሩም። መጀመሪያ ባለቤቱን ሰላም ይሉታል። ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ የታመመ ዘመድ፣ ሁሉም በየተራው ይጠየቃል። እኛ ቁልፍ ይዘን ቆመን እንጠብቃለን። ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው «እና ማን ይቀመጥበታል?» የሚሉት። ማን ይነዳዋል አይደለም፣ ማን ይቀመጥበታል። መልሱን ሳይሰሙ ክሪክ አያስነሱም።

ሌላው ልማዳቸው የፍተሻ ነው። ሥራው ሲያልቅ ሌላ ሰው ያስነዱና እሳቸው ጫማቸውን አውልቀው ከኋላ ወንበር ይቀመጣሉ። መሪ የያዘ ሰው መሪው ያታልለዋል፣ የኋላ ወንበር ግን አይዋሽም ይሉ ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መዳፋቸውን ወንበሩ ላይ ዘርግተው፣ ባዶ እግራቸውን ወለሉ ላይ አድርገው ይሄዳሉ። ሲመለሱ የትኛው ጎን እንደሚያንኳኳ ይነግሩናል። አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ናቸው። ሲሳሳቱ ደግሞ መንገዱ ነው ይላሉ።

መኪናው ክሪክ ላይ እያለ፣ ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘውን የክንዱን ብሎን አጥብቀን ከተገኘን ግን ወዮልን። ክንዱ በጎማ ቡሽ ነው የተያዘው። ተንጠልጥሎ ሳለ ካሰርከው፣ መሬት ሲወርድ ቡሹ እንደተጠማዘዘ ይቀራል፤ ከዚያ በየጉድጓዱ እየተቀደደ ያልቃል። «አውርደው፣ ወደፊትም ወደኋላም ግፋው፣ በእግሩ ይቁም፣ ከዚያ እሰረው» ነው ትምህርታቸው። ይህንን ትምህርት ሳልሰማ የቀረሁበት ቀን፣ ሁለቱንም ጎን ፈትቼ እንደገና እንድሠራ አድርገውኛል። እሳቸው አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በቆሎ ይጠብሱ ነበር። ስጨርስ ግማሹን ሰጡኝ።

ከነቀምቴ ለሥራ መጀመሪያ የወጣሁትም ከእሳቸው ጋር ነው፤ ወደ ጊዳ አያና። በኡኬ አልፈን፣ የአንገርን ቆላ አቋርጠን ወደ አያና ስንወጣ በአንዱ መንደር በአማርኛ ውሃ እንለምናለን፣ በሚቀጥለው በኦሮምኛ እንመረቃለን። መኪናችን ሲቆም ከሁለቱም መንደር ሰው መጥቶ በአንድ ላይ ይገፋ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዚያ አገር የሆነው ሆኗል፤ ከማውቃቸው ሰዎች ግማሾቹ የት እንደደረሱ አላውቅም። ያ መንገድ ይናፍቀኛል፣ ጉድጓዱ ሳይቀር።

አያና ላይ የጤና ጣቢያው የበሽተኛ ማመላለሻ ላንድሮቨር ነበር የጠበቀን። ሾፌሩ መኪናው ስለሚዘል ባሌስትራ ተጨምሮበት ይጠንክርልኝ አለ። ኦቦ ዱጉማ ማን ይቀመጥበታል ብለው እንደ ልማዳቸው ጠየቁ። ማንም አይቀመጥም፣ ይተኛሉ እንጂ አላቸው። እሳቸውም ጫማቸውን አወለቁና የበሽተኛው አልጋ ላይ ተጋደሙ። «ንዳ» አሉኝ። ከተማዋን ዞረን ስንመለስ ወገባቸውን ይዘው ወረዱ። «ይሄ የታመመውን አያደርስም፣ የዳነውን ያሳምማል» አሉ። ከየጎኑ አንዳንድ ባሌስትራ ጨምረን ሳይሆን ቀንሰን፣ የቀረውን በደንብ ቀባነው። ሾፌሩ ተቆጥቶ ነበር። በኋላ ነቀምቴ ድረስ መጥቶ፣ በሽተኞቹ መንገድ ላይ መጮህ ተዉ ብሎ አመሰገናቸው። ይህንን ሙያ የወደድኩት ያን ጊዜ ነው ማለት እችላለሁ።

ኦቦ ዱጉማ ጡረታ ወጥተው ጥቂት ቆይተው አረፉ። እኔ ጊምቢ ወርጄ ለአንድ ቡና ነጋዴ የጭነት መኪናዎች ሠራሁ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ጭነት በሚባል ነገር ግን ዓይኑን አያሽም። ባሌስትራ ላይ ባሌስትራ ያስደርበኛል። ይሄ መኪና ባዶውን ሲመለስ የሾፌሩን ጥርስ ያረግፋል ስለው «መኮንን፣ ቡና ወገብ የለውም» ይለኛል። ሾፌሩስ ስለው አይሰማኝም። ከኦቦ ዱጉማ ማለስለስን እንደተማርኩ ከእሱ ደግሞ ማጠንከርን ተማርኩ። በመጨረሻ ነቀምቴ ተመልሼ የራሴን ጋራዥ ከፈትኩ።

በዚህ በኋለኛው ዘመን ነው መኪና ዝቅ ማድረግ የሚባል ፋሽን ከአዲስ አበባ የመጣው። ጎረምሶቹ ቪትዛቸውን እየነዱ መጥተው ሞላውን በግራይንደር ቁረጥልን ይሉኛል። የተቆረጠ ሞላ መቀመጫው ላይ አይረጋም፤ በግራይንደሩ የጋለበት ቦታም ኃይሉን ያጣል። መቁረጥ የፈለገ ስጋ ቤት ይሂድ እያልኩ ብዙ ደንበኛ መለስኩ። እናም ሌሊሳ የሚባል ልጅ አንድ ማለዳ ቪትዙን ይዞ መጥቶ ዝቅ አድርግልኝ ሲለኝ፣ «ምነው ልጄ፣ መሬት ራቀችህ?» አልኩት። እሱ አልሳቀም።

ሌሊሳ መድኃኒት ቤት የሚሠራ ዝምተኛ ልጅ ነው። እናቱን አዴ ጫልቱን በባኬ ጃማ የማያውቅ የለም። አዴ ማለት ለሴት ትልቅ ሰው እንደ ወይዘሮ ነው። አዴ ጫልቱ ገበያ ቅቤ የሚሸጡ፣ ድምፃቸው ከጉሊቱ ሁሉ በላይ የሚሰማ ሴት ነበሩ። ከሁሉም በላይ የሚታወቁት ግን ለቅሶ በመድረስ ነው። ጴንጤም ይሁን ኦርቶዶክስ፣ ዘመድም ይሁን ባዳ፣ ሰው ሞተ ከተባለ መጀመሪያ የሚገቡት እሳቸው ናቸው። አዴ ጫልቱ ያልደረሱበት ለቅሶ ገና አልተጀመረም ይባል ነበር።

ልጁ የነገረኝ ይህ ነው። እናቱን ስኳር ቀኝ እግራቸውን ወስዶባቸዋል። ክንዳቸው ግን ብርቱ ነው፤ ከአልጋ ወደ ዊልቼር፣ ከዊልቼር ወደ ወንበር ራሳቸውን ያሻግራሉ። መኪናው ብቻ እንቢ አላቸው። የቪትዙ መቀመጫ ከዊልቼሩ ከፍ ይላል፣ ወደ ላይ ራሳቸውን መጎተት አይችሉም። ስለዚህ ልጃቸው ያቅፋቸው ነበር። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ድንኳኑ ፊት፣ ወንዱ ሁሉ ተቀምጦ እያየ፣ አቅፎ ሲያወርዳቸው ቀሚሳቸው ተገለበ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከግቢያቸው አልወጡም።

እግራቸውን ማጣታቸውን ሰምቼ ነበር፤ ደጅ መውጣት መተዋቸውን ስሰማ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ባለቤቴ አስካለ ስታርፍ አዴ ጫልቱ አልመጡም ነበር። ሁለቱ በየገበያው ቀን የሚቀላለዱ፣ ቅቤው ተመዝኖ ካለቀ በኋላ ቆመው የሚያወሩ ሰዎች ነበሩ። አገር ሁሉ ሲያጽናናኝ እሳቸው መቅረታቸው ልቤን ነክቶት ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ። ለካ በዚያን ጊዜ እሳቸው እዚያው እኛው ቀበሌ ውስጥ፣ ከበራቸው ደፍ ወዲያ መውጣት አቅቷቸው ነበር።

ሞላውን እንደማልቆርጥ ለሌሊሳ ነገርኩት። እሱም አንብቦ መጥቶ ኖሮ ኮይሎቨር የሚባለውን ነገር አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። በስም አውቀው ነበር። ዱባይ ያለ ዘመዱ የአራቱንም ጎን ሙሉ ዕቃ ላከለት። የፊቱ ሞላና አሞርዛተር አንድ ላይ የተሠራ ነው፤ የአሞርዛተሩ ገላ እንደ ብሎን ጥርስ አለው፣ ሞላው የሚያርፍበት ቀለበት በቁልፍ ይዞራል፣ በእሱ ከፍታውን ታስተካክላለህ። የኋላው ለየብቻ ነው፤ ሞላው ከሥሩ የሚዞር መቀመጫ አለው። አናቱ ላይ ደግሞ አሞርዛተሩን የምታጠነክርበትና የምታለሰልስበት ትንሽ መዘውር አለች። ኦቦ ዱጉማ በሕይወት ኖረው ይህችን መዘውር ቢያዩ አንድ ሙሉ ቀን ይስቁ ነበር።

ልብ ብዬ ሠራሁት። አሮጌውን አወጣሁ፣ የፍሬን ቧንቧው እንዳይወጠር አየሁ፣ አዲሱን ሰቀልኩ፣ የክንዱን ብሎን በእጅ ብቻ አስገብቼ ተውኩት። መሬት አውርጄ፣ ገፍቼ፣ በእግሩ አቁሜ አሰርኩ። መኪናው እንዲያድር አደረግኩ፣ አዲስ ሞላ ሳይረጋ አይለካምና። በማግሥቱ ከቸርኬው መሐል ከጎማው በላይ እስካለው ፓራፋንጎ ጠርዝ አራቱንም ጎን ለካሁ። ቀለበቶቹን እያዞርኩ አመጣጠንኩ፣ ቆልፌ አጠበቅኩ። መኪናው ዝቅ ሲል ጎማው ከውስጥ እንዳይበላ የጎማውን አቅጣጫም አስተካከልኩ። መብራቱን ሳይቀር መልሼ አቀናሁ።

ማን ይቀመጥበታል ብዬ ጠይቄዋለሁ። «እኔና እናቴ፣ ጋሼ» አለኝ። በዚያ ልክ ሠራሁት። ግቢያቸው ሄደን ሲሞከር የመኪናው መቀመጫና ዊልቼሩ እኩል ሆኑ። አዴ ጫልቱ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አዩ፣ አንድ እጃቸውን ወንበሩ ላይ፣ ሌላውን ዊልቼሩ ላይ አድርገው ሸርተት ብለው ገቡ። ማንም አልነካቸውም። በሩን ራሳቸው ዘጉት። እኔ ደስታዬን የት ላድርሰው ብዬ ክሪኩን ሦስቴ አነሳሁ አስቀመጥኩ።

ብዙም ሳይቆይ ኡኬ ላይ ዘመዳቸው ሞተ። አዴ ጫልቱ እሄዳለሁ አሉ። የሆነው ነገር ከእኛ አገር ሰው በቀር ሌላ ሰው ላይ አይደርስም። ለቅሶ የሚሄድ መኪና ባዶ ወንበር ይዞ አይሄድም። አዴ ጫልቱ ሊወጡ ነው የተባለ ለት የጎረቤት ሴቶች ነጠላቸውን አደግድገው ደጅ ጠበቁ። ሦስቱ ከኋላ ተጠቃጠቁ። ባዶ እጅ አይኬድምና የንፍሮው ድስት፣ የመኪና ጎማ የሚያህል ዳቦ፣ የውሃው ጀሪካን ከኋላ ተጫነ። ሌሊሳ መኪናዋ ስታጎነብስ አይቷል፤ እናቱ ከስንት ጊዜ በኋላ ከሰው ጋር ሲስቁ እየሰማ ግን ውረዱ የሚልበት አፍ ከየት ያመጣል።

ከኡኬ ወዲህ አስፋልቱ የተበላበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ተቀመጠች። የሞተሩ የዘይት መያዣ ድንጋይ ነክቶ ተሰነጠቀ፣ ዘይቱ ፈሰሰ። ሴቶቹ ወረዱ። አንድ አይሱዙ ቆመላቸው። የአይሱዙ ጋቢና ደግሞ ምን ያህል ከፍ እንደሚል የታወቀ ነው። የማያውቋቸው ሰዎች አዴ ጫልቱን በእግርና በብብት ይዘው አወጧቸው። ለቅሶ ቤቱ ደጅም እንደዚያው አወረዷቸው፤ አገር ተሰብስቦ እያየ።

መኪናዋን ጎትቼ ለማምጣት የሄድኩት እኔ ነኝ። ሌሊሳ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጥፋቱ የእሱ ይመስል «ጋሼ፣ በዛን» አለኝ፣ ሌላ አልተናገረም። ብዙ ዓመት በሠራሁበት ሙያ እንደዚያን ቀን ያፈርኩበት የለም። አንድ ጀማሪ መካኒክ ቢሳሳት ያባት ነው። እኔ ግን እዚህ ተወልጄ፣ እዚህ አርጅቼ፣ በዚህ አገር ሁለት ሰው ብቻ ይዞ ለቅሶ የሚሄድ መኪና እንደሌለ እያወቅኩ፣ ልጁ የነገረኝን ሰምቼ ለሁለት ሰው ለካሁ።

ይቅርታ ልል ቤታቸው ሄድኩ። አዴ ጫልቱ ግቢያቸው ውስጥ ዊልቼራቸው ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሱ ነበር። ቀና ብለው አላዩኝም። ሌሊሳን «ልጄ፣ ወንበር አምጣለት» አሉት፣ ተቀመጥኩ። ብዙ ካወራሁ በኋላ እጃቸውን ከጎመኑ አነሱ።

«መኮንን ኮ፣ መኪናዋን ለእኔ ሠራሃት» አሉኝ፤ ኮ በኦሮምኛ የእኔ ማለት ነው። «ጥሩ አድርገህ ሠራሃት። ግን ለእኔ ብቻ ነው የሠራሃት። እኔ ብቻዬን የት ሄጄ አውቃለሁ?»

እንግዲህ ልሸጣት ነው አለ ሌሊሳ ከኋላዬ። እኔ አትሽጣት አልኩ። አዴ ጫልቱን ደግሞ አንድ ነገር ለመንኳቸው፤ ለቅሶ የሚሄዱትን ሴቶች በሙሉ ከነድስታቸው ጋራዤ ያምጡልኝ፣ እርስዎም ይምጡ አልኳቸው። ራቅ ያለ ቦታ ስላልሆነ በዊልቼር ይገፋሉ። የቀረውን ጎመን ቀንጥሰው ጨረሱ። በመጨረሻ «ቶሌ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው።

ጋራዤ እንደዚያን ቀን ሳቅ አይቶ አያውቅም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ድስቱን በውሃ ሞልተው መጡ። ጎረቤት ያሉ ላሜራ ቀጥቃጮች ሥራ አቁመው አዩን። አንዲት ደልደል ያሉ ሴት መኪናው ውስጥ ሊገቡ ሲሉ «ሜትርህ የኔን ኪሎ ለሰው እንዳይናገር» አሉኝ። ሜትሬ እንደ ቄስ ነው፣ የሰማውን አያወጣም አልኳቸው። «እኛ ቤት ቄስ የለም፣ ፓስተር ነው ያለው» ብለው ሁሉንም አሳቁ።

በመኪናው ሥር ገብቼ ተጋደምኩ። ሴቶቹ ሲሳፈሩ፣ በአዴ ጫልቱ ቦታም ሌላ ሰው ሲቀመጥ፣ ከዘይት መያዣው ሥር መዳፌ እንኳ በግድ ነበር የሚገባው። እየወጡ እየገቡልኝ፣ ቀለበቶቹን እያዞርኩ ከፍ አደረግኩት። የኋላውን ሞላ ከሌላ ከበድ ካለች መኪና በወጣ ሞላ ቀየርኩት፤ ጊምቢ የተማርኩት ማጠንከር ያን ቀን ጠቀመኝ። ሞላው መጨረሻ ላይ የሚያርፍበትን ጎማ ረዘም ባለ ለወጥኩ። የመዘውሯን ነገር በጆሮዬና በወገቤ ፈተሽኩ፤ ጫማዬን አውልቄ ከኋላ ተቀምጬ፣ ሌሊሳ እየነዳ። በመጨረሻ መኪናዋ ሙሉ ሆና ሳለ ጡጫዬ ከዘይት መያዣው ሥር ገብቶ ወጣ። ለኡኬ መንገድ ጡጫ ይበቃል።

ሴቶቹን ውረዱ አልኩ። ወረዱ። መኪናዋም ተነሳች። መቀመጫው ከዊልቼሩ እንደገና በላይ ሆነ፤ ልዩነቱ ጥቂት ጣት ነው፣ ግን ለአዴ ጫልቱ ያ ጥቂት ጣት ተራራ ነው። ዝቅ ባደርጋት መንገድ ላይ ትቀመጣለች፣ ከፍ ባደርጋት እሳቸው አይገቡም። ቁልፌን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

መላውን ያመጡት አዴ ጫልቱ ናቸው። እኔ ከሥር ሆኜ ስለካ እሳቸው ከጎን ሆነው መቀመጫውን ሲያዩ ቆይተው ኖሯል። «መልሰሽ ግቢ እስቲ» አሏቸው ደልደል ያሉትን ሴት። ሌሎቹም ግቡ ተባሉ። ድስቱ ተጫነ። መኪናዋ ወረደች። አዴ ጫልቱ ዊልቼራቸውን አስጠጉና በመዳፋቸው ከዊልቼሩ ወደ መቀመጫው ጠረግ ጠረግ አደረጉ። እኩል ነበር።

«አያችሁ፣ እናንተ ስትገቡ ወረደችልኝ» አሉ።

ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ሴቶቹ ግን አሻፈረኝ አሉ። ትልቅ ሰው ሳይገባ እንዴት እኛ እንቀመጣለን፣ ነውር ነው፣ ሰው ቢያየን ምን ይለናል አሉ። እውነታቸውን ነው። ታላቅን አስቀድሞ ማስገባት ከልጅነት የተማርነው ነው፤ እሳቸውንም ባዶዋና ከፍ ያለችው መኪና ፊት ሲፈትናቸው የነበረው ይኸው ክብር ነው። አዴ ጫልቱ አዳመጧቸው። ከዚያ በኦሮምኛ፣ በዚያ በገበያ ድምፃቸው፣ «ስገባ መጨረሻ ነኝ፣ ስወርድ መጀመሪያ ነኝ» አሉ። ነገሩ አለቀ። ሲወርዱም ሌሎቹ እንደተቀመጡ ስለሚሆን መኪናዋ ዝቅ ብላ ትጠብቃቸዋለች ማለት ነው። እኔ በሜትር ያጣሁትን እሳቸው በዓይናቸው አገኙት፤ ቅቤ ሲመዝን የኖረ ዓይን ነው።

በወሩ ይሁን ከዚያ ባነሰ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ሽማግሌ አረፉ። ቪትዟ ሞልታ ነበርና እኔ በባጃጅ ከኋላ ተከተልኳት። በየጉብታው አንገቴን አውጥቼ እሰማለሁ። ባለባጃጁ ምን ጠፋብህ አለኝ። ምንም አልጠፋብኝም አልኩት፤ እውነትም ምንም አልነካችም።

ድንኳኑ ደጅ ስንደርስ ወንዶቹ ዊልቼሩን ሲያዩ ሊያነሷቸው ተነሱ። የኡኬውን የሰሙ አሉበት። አዴ ጫልቱ በሩን ከፍተው መዳፋቸውን ዘረጉ፣ ቁሙ ማለት ነው። ሁሉም ቆሙ። ከኋላ ያሉት ሴቶች ሳይነቃነቁ፣ ድስታቸውን ጭነው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሌሊሳ ዊልቼሩን አስጠግቶ ያዘ። እሳቸው ቀሚሳቸውን በአንድ እጅ ሰበሰቡ፣ በሌላው ተደግፈው ተሻገሩ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጎማውን በገዛ እጃቸው እየገፉ ከሁሉም ፊት ወደ ድንኳኑ ገቡ። እኔ ዓይኔን መጥረግ ነበረብኝ፤ አቧራ ነው ለማለት እንኳ ዝናብ ነበር።

ውስጥ ገብቼ ከወንዶቹ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አዴ ጫልቱ ይጸልዩልን አሉ። ጸሎታቸውን በኦሮምኛ ጀመሩ። ለሟቹ ልጆች ጸለዩ፣ ለሚስታቸው ጸለዩ። ሰው አሜን ሊል ሲል እሳቸው አላቆሙም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ግቢያቸው ውስጥ ተዘግተው ሳሉ ለቅሶው ያለፋቸውን ቤቶች በየስማቸው መጥራት ጀመሩ። የእገሌን ልጆች፣ የእገሊትን እናት፣ አንድ በአንድ። ድንኳኑ ውስጥ ስማቸው የተጠራ ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። እኔ እዚያ ጫፍ ላይ መቀመጤን ያዩ አይመስለኝም።

«የአስካለንም ባል አጽናው» አሉ። «ጎረቤቴ ነበረች። ሳልደርስላት ቀረሁ።»

አሜን አልኩ።